ድንጋይ ሳይደረግ አይነካም፦ የመካኒኩ የአቶ ወልደሰንበት ሳህሌ የሕይወት ታሪክ (1951–2009 ዓ.ም.)

አባታችን አቶ ወልደሰንበት ሳህሌ ከአባታቸው ከአቶ ሳህሌ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ደጀኔ በመስከረም ወር 1951 ዓ.ም. አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ስለነበሩ ቤታቸው ባቡር ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር። አያታችን ወይዘሮ አስካለማርያም ሲያጫውቱን፣ ልጃቸው ባቡር ሲመጣ ከቤት ወጥቶ ወደ ሐዲዱ ይሮጥ እንደነበርና ፍርሃት የሚባል ነገር እንደማያውቅ ይነግሩን ነበር። ይህን አስቀድመን የምንጽፈው፣ ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ እሳቸውን የምታውቋቸው በፍርሃታቸው ስለሆነ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቃቂ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው የከባድ መኪና ጥገና ሙያን ለመዱ። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺሐረግ ገብረሕይወት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ነቢዩን፣ እየሩሳሌምንና ሮዳስን አፍርተዋል።

በ1984 ዓ.ም. ጦርነቱ አብቅቶ የጭነት መኪናው ሲበዛ፣ ከወዳጃቸው ከአቶ ዱሬሳ ቢቂላ ጋር ቃሊቲ ላይ ጋራዥ ከፈቱ። ጋራዡ የቆመበት መሬት የአቶ ዱሬሳ አባት ጤፍ ይዘሩበት የነበረ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከወንድማማች በላይ ነበሩ፤ እኛ ልጆችም በማን ቤት እንደምናድር ማንም አይጠይቀንም ነበር።

በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም. ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ የተሰበረ የጭነት መኪና እንዲያስጎትቱ ከአቶ ዱሬሳ ጋር ተጠሩ። እንዲህ ያለ መኪና ከመጎተቱ በፊት የሞተሩን ኃይል ከሚያከፋፍለው ከዲፍረንሻሉ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ መካኒኮች ሴሚያስ የሚሏቸው፣ መውጣት አለባቸው። ካልወጡ ጎማው ሲዞር የተሰበረውን ካምቢዮ ይፈጨዋል። ከወጡ ደግሞ ማርሹም የእጅ ፍሬኑም የሚይዙት በእነዚሁ ብረቶች በኩል ስለሆነ መኪናውን አይዙትም፤ የሚቀረው ከጎማው ሥር ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በመካኒኮቹ ዘንድ አንድ ልማድ ነበር። አንዱ ሴሚያስ ሲወጣ ሌላው ብቻውን ስለማይዝ መኪናው ይለቃል፤ ለቆም ወደ ድንጋዩ ካልተጠጋ መሬቱ ሜዳ ነው ይባልና ድንጋዩ ይነሳል።

አንዱ ወጣ። መኪናው አልተነቃነቀም። ሹፌሩም ጎታቹም ቶሎ በሉ ይላሉ። አባታችን «ሜዳ ነው፤ ድንጋዩን አንሱት» አሉ። ያላወቁት የዲፍረንሻሉ ሎክ ነክሶ መቅረቱን ነው። ሎክ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ስለሚያስር፣ መኪናው በቀረው በሁለተኛው ሴሚያስ ተይዞ ነበር እንጂ መሬቱስ ቁልቁለት ነበር። አቶ ዱሬሳ የሚንጠባጠበውን ዘይት ሊቀበሉ ከሥር ተኝተዋል። አባታችን ሁለተኛውን ሲስቡት መኪናው ያለ ምንም ድምፅ ወደ ኋላ ሄደ። ድምፅ አለመኖሩን የጻፍነው፣ እሳቸው ይህን ነገር ሲያነሱ ሳይናገሩት አልፈው ስለማያውቁ ነው።

መኪናው በአቶ ዱሬሳ ላይ አልፎ ከአሸዋ ክምር ጋር ተጋጭቶ ቆመ። አቶ ዱሬሳ መሬት ላይ ተለጥፈው በመተኛታቸው እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አተረፈ፤ ግራ ትከሻቸውን ግን ብረት ስለመታው ያ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሳም።

ከዚያ ቀን በኋላ አባታችን ፈሩ። ነገሩን አናሳምረውም፤ ክፉኛ ፈሩ። መፍቻ መንካት ተዉ። ጋራዡን ትተው በአንድ መጋዘን በጥበቃነት ተቀጠሩ፤ ቤቱን የያዙት በፈትል ፋብሪካ ፈረቃ ይሠሩ የነበሩት እናታችን ናቸው። ሳሪስ ለመሄድ ታክሲ ተሳፍረን ዳገት ላይ ከቆመ፣ እሳቸው አውርደውን በእግር እንሄዳለን። ቃሊቲ ውስጥ ከቆመ መኪና ኋላ ሳይታለፍ የትም አይደረስም፤ እሳቸው ግን እጃችንን እስኪያመን ጨብጠው ዞረን እንድናልፍ ያደርጉን ነበር። መዳፋቸው በላብ ይርስ ነበር። ልጅ ፍርሃትን ከአባቱ እጅ ላይ ሲያውቀው ከባድ ነው። ሰፈሩም አልማራቸውም፤ «ወልዴ ድንጋይ» እያለ ሲስቅባቸው ኖረ። የሳቁትን ስም ከዚህ አንጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ፤ መጥተዋልም።

አቶ ዱሬሳ ግን ስቀው አያውቁም። በ1991 ዓ.ም. አንድ ቀን አባታችንን ከመጋዘኑ በር ላይ ይዘዋቸው ወደ ጋራዡ ሄዱ። እንደዚያኛው ያለ መኪና ቆሟል። አቶ ዱሬሳ ከሥሩ ገብተው ተኙ። አባታችን ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ ቢያለቅሱም «ወልዴ፣ እዚሁ ነኝ፤ አውጣው» ከማለት በቀር አልወጡም። አባታችን ለጎማው ሁሉ በፊትም በኋላም ድንጋይ አደረጉ። አንዱን ሴሚያስ አወጡ። መኪናው አሁንም አልተነቃነቀም። ያው ያሳሳታቸው ምልክት ነበርና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ኋላ ተነስተው ድንጋዩን እንደገና በመዶሻ እየመቱ አጠበቁና ሁለተኛውን ሳቡት። መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ብሎ ድንጋዮቹ ላይ ገጭ አለና ቆመ። ከሥር ድምፅ ጠፋ። አባታችን «ዱሬ!» ብለው ሲጮኹ አቶ ዱሬሳ «ምን ያስጮህሃል? ይልቅ ዘይቱ ዓይኔ ውስጥ ሊገባ ነው፣ ጨርቅ አቀብለኝ» አሉ።

አባታችን ወደ ሙያቸው የተመለሱት በዚህ ሁኔታ ነው። ፍርሃቱ ለቋቸው አይደለም፤ ይዘውት ሠሩ እንጂ። ሥራ እስካቆሙበት እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ በጋራዣቸው ሎክ ሳይታይ፣ ድንጋይ ሳይደረግ አንድም ሴሚያስ አልወጣም፤ ከዚያ አደጋ በኋላም አንድም ሰው አልተጎዳም።

አባታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሆስፒታል ሳሉ የተኙበት አልጋ ጎማ ያለው መሆኑን ባዩ ጊዜ ደነገጡ፤ አስታማሚ ሁሉ ፍሬኑ ተይዟል ቢላቸውም አላመኑም። አቶ ዱሬሳ ጫማቸውን አውልቀው ከአልጋው ጎማ ሥር ሲያደርጉላቸው ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው። ሞትንም ፈርተዋል፤ «ከዚያ ወዲያ ምን ይይዘኛል?» ብለው አቶ ዱሬሳን ሲጠይቁ ሰምተናል። አቶ ዱሬሳም የአባታችንን እጅ ይዘው አደሩ። የካቲት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

አቶ ወልደሰንበት ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺሐረግን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን አቢንና ወንድማቸውን አቶ ዱሬሳን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ስጋት በማይደርስበት በቅዱሳኑ ዕቅፍ ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

በመጨረሻም ለቀባሪዎች ሁሉ፦ አስከሬናቸውን የያዘው መኪና የሚቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ በር በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። የሟች ቃል ስለሆነ፣ አቶ ዱሬሳ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርገው እጃቸውን እስኪያነሱ ድረስ ማንም ከመኪናው ኋላ እንዳይጠጋ በትሕትና እንለምናለን። የሚያነሱት ቀኙን ነው፤ ግራው አይነሳም።