ከእጅህ የነጠቅሁት ቡና

አባዬ፣

ደብዳቤ ስጀምር «ለጤናህ እንዴት ነህ» ማለት ስለለመደብኝ እጄ ቀድሞ ጽፎት ነበር፤ ሰረዝኩት። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፣ ጥቁሬንም አውልቄአለሁ። ቤትህ አልተዘጋም። እኔና ባለቤቴ ከማራኪው ኪራይ ቤት ወጥተን አዘዞ አንተ ቤት ገብተናል። ሎሚው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። የግቢው በር ያው ነው፣ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ባለቤቴ ሠራተኛ አምጥቼ ላስተካክለው ቢል እንቢ አልኩት። አንተ ልትሠራው ያሰብከውን ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈለግሁም። ልጅህ እልኸኛ መሆኗን ከማንም በላይ ታውቃለህ።

የምጽፍልህ ግን የቤቱን ወሬ ልነግርህ አይደለም። ስለ ቡና ማፍያዋ ነው። ስትኖር ልልህ ሲገባኝ ያላልኩህ ነገር አለ፣ አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብኛል።

እማዬ ባረፈች በዓመቱ ነው የጠየቅኸኝ። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት በተራ ቡና ይጠራህ ነበር፤ አንድም ቀን አልረሱህም። ችግሩ ሰዓቱ ነበር። አርባ ዓመት ጋራዥ የኖረ ሰው ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነሣው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቡና የሚያፈላው ረፋድ ላይ ነው። አንተም ሦስት ሰዓት ሙሉ ራስህን በሁለት እጅህ ይዘህ ደጅ ደጁን ታያለህ። ቡና የሚያምረኝ ሰዓትና ቡና የምጠራበት ሰዓት ሊገጥሙልኝ አልቻሉም ብለህ ነገርከኝና፣ አሁን አሁን የወጡትን፣ ቡታጋዝ ላይ የሚጣዱትን የብረት ማፍያዎች አንዱን እንድመርጥልህ ለመንከኝ።

እኔ ሠራተኛ እንቅጠርልህ አልኩ፤ አልፈለግህም። የእማዬ ጀበና አለ አይደል ወይ አልኩ። እንግዲህ የመለስክልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጀበናው የእናትሽ ነው፣ አልነካውም። ይሄኛው ግን ማኪና ነው። ማኪና የእኔ ሥራ ነው።»

ያኔ ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ቡና ሲያፈላ ከታየ፣ ወይ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ ወይ ልጆቹ ትተውታል ነው የሚባለው። የአንተ ሚስት ሞታለች፤ ስለዚህ ሐሜቱ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች፣ ደመወዝ ትበላለች፣ አባቷን ግን ቡና አፍይ አድርጋው ቀረች ሲሉኝ ታየኝ። ያለ ማንም አስታዋሽ ይህን ሁሉ ብቻዬን አስቤ ጨረስኩ። ሁለት ወር አጓተትኩህ። በስልኬ እያየሁ ነው፣ እያመዛዘንኩ ነው እያልኩ። አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሻላል አልኩህና፣ መብራቱ ሲሄድ ቡናውም አብሮ ይሄዳል ብለህ አፌን አስያዝከኝ።

በመጨረሻ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒያሳ ሄድን። ባለሱቁ አራት ዓይነት ደረደረልን። አንደኛው ባለመስታወት ነበር፣ ከላይ ሲጫኑት አተላውን ወደ ታች የሚያወርድ። አንሥተህ በብርሃን አየኸውና ይሄ ለሠርግ ስጦታ ነው ብለህ መለስከው። ሁለተኛው በወረቀት የሚያጠልል ነው፤ ወረቀቱ ሲያልቅ አዘዞ ላይ ከየት አገኛለሁ ብለህ ወደ ጎን አደረግኸው። የቀሩት ሁለቱ አንተ የፈለግሃቸው ናቸው፤ ከታች ውሃ፣ ከመሃል ቡና፣ ሲፈላ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣ። እኔ የሚያብረቀርቀውን ወደድኩ። አንተ ሁለቱንም ፈታታሃቸው። ጥርሳቸውን በአውራ ጣትህ ዳሰስክ፣ የእንፋሎት መተንፈሻዋን በአፍህ ነፋህ፣ ጎሚኒውን አውጥተህ አሸተትክ። ባለሱቁ ጎሚኒ የምትላት ያች የላስቲክ ቀለበት መሆኗ የገባው ቆይቶ ነው። መጨረሻ ላይ ደብዛዛዋን መረጥክ። እጀታዋ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ቢሰበር ይቀየራል አልክ። የእኔዋ ቆንጆ እጀታ ግን የተጣበቀ ነበር፣ ከተሰበረ አበቃለት።

በመጠኗም አልተስማማንም። ይህች ዓይነት ማፍያ ግማሽ ተሞልታ ጥሩ አታወጣም፣ ስለዚህ በሚጠጣው ሰው ልክ ነው የምትመረጠው። እኔ ለአንተ ባለሁለት ስኒዋ ትበቃሃለች አልኩ። አንተ ባለስድስቷን ያዝክ። ምነው አባዬ፣ ለማን ነው ይሄ ሁሉ ብልህ፣ ሰው ሲመጣብኝ ከእንግዲህ ባዶ እጄን አልቀመጥም አልከኝ። እማዬ እንዳለች ጊዜ ቤትህ እንግዳ እንዲቀምስበት ነበር የፈለግኸው። ነገሩ ይሄን ያህል ግልጽ ነበር። ባለሱቁ ሲጠቀልላት ለማን እንደሆነች ጠየቀን። አንተ አፍህን ሳትከፍት እኔ ቀድሜ ለእኔ ናት አልኩት። አየት አደረግኸኝ። እስከ ታክሲው ድረስም ዕቃውን እኔ እንድይዘው ሰጠኸኝ።

መጀመሪያ ሰሞን አልታዘዝ አለችህ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለጀበና እንደሚሆነው አድርጌ ያስፈጨሁትን የላመ ቡና ነበር ያመጣሁልህ። እንፋሎቱ ማለፊያ አጥቶ በጎን ተፋው፣ ቡታጋዙንም አጠፋው። ሞተር የሚታፈንበትን ምክንያት ለምታውቅ ለአንተ ይሄ ምንህም አልነበረም፤ ቡናው ሻከር ማለት አለበት ብለህ የእጅ መፍጫ አስገዛኸኝ። እያጠበቅህና እያላላህ ስትሞክር ሰንብተህ፣ ልክ በገባልህ ቦታ ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ አደረግህበት። ማፍያዋ የቡታጋዙ ብረት ላይ እየተንጋደደች ብታስቸግርህ ከቆርቆሮ ቆርጠህ መደላድል ሠራህላት። ይህን ሁሉ በስልክ ስትነግረኝ ድምፅህ የጋራዡን ጊዜ ድምፅ ሆኖ ነበር። ነይ ቅመሺልኝ አልከኝ። ሌላ ቀን አልኩህ። ስብሰባ አለብኝ፣ ጾም ነው፣ ጨጓራዬን አሞኛል፣ ያላልኩህ የለም። አንዱም እውነት አልነበረም። አንድ ስኒ ከእጅህ ከጠጣሁ ነገሩን የተቀበልኩት መሰለኝ።

ከዚያ ያቺ እሑድ መጣች። ጉንፋን ይዞህ ነበርና አማቴ ከእንፍራንዝ ድረስ ሊጠይቁህ መጡ። አያ ታፈረም ከባለቤታቸው ጋር ከጎን ካለው ቤታቸው ብቅ አሉ። አንተ ሰላምታውን እንደጨረስክ ወደ ማድ ቤት ገባህ። እኔ አማቴን ማጫወት ይዤ ልብ አላልኩህም። ስመለከት ማፍያዋን በአንድ እጅህ፣ ስኒ የደረደርክበትን ትሪ በሌላው ይዘህ፣ የጋራዥ ጨርቅህን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ በሩ ላይ ቆመሃል። ፊትህ በርቷል። ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር፣ አባዬ። አሁን ሳስበው እንዴት ያለ ሽታ ነበር።

ብድግ አልኩና ማፍያዋን ከእጅህ ነጠቅሁህ።

«ምነው አባዬ፣ ሴት የሌለበት ቤት አታስመስለው እንጂ።»

ቤቱ ሴት የሌለበት ቤት ነበር። የጎደለችው ሴት እናቴ ነበረች። ይሄን አፌ ላይ ሳላደርሰው ማሰብ ነበረብኝ፤ ግን ያሰብኩት አማቴን ብቻ ነው። ማድ ቤት ገብቼ ያፈላኸውን መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። የእማዬን ጀበና ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ፣ አንተ አልነካውም ያልከውን፣ ቡናም እንደ ደንቡ አፈላሁ። አንተ እሺ ልጄ ብለህ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ እጅህን በጨርቁ ትጠርግ ነበር። እርጥብ እንኳ አልነበረም። የእኔን ቡና ጠጣህ። እንዴት ነው ብዬ ብጠይቅህ ሸጋ ነው አልከኝ። ያን ቀን አማቴን ወደ መኪና መናኸሪያው ስሸኛቸው፣ አባትሽ ሸጋ ሰው ናቸው አሉኝ። ለወጉ ያሉኝ መስሎኝ ቶሎ ወሬ ቀየርኩ።

ከዚያ በኋላ ስመጣ ማፍያዋ ማድ ቤት የለችም። የእጅ መፍጫውም የለም። የት ደረሱ ብዬ አልጠየቅሁህም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ተገላገልኩ ነው ያልኩት። ትቶታል ብዬ አሰብኩ። አንተም ነይ ቅመሺልኝ ማለትህን ተውክ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ በጀበና አፈላልሃለሁ፣ አንተም ሦስቱንም ስኒ ሳታጓድል ትጠጣለህ፣ ስለ ሎሚውና ስለ በሩ እናወራለን። ሰባት ወር እንዲህ ኖርን። ከዚያ ልብህ በድንገት ቆመ፣ ደህና ሁንም አልተባባልንም።

ሙት ዓመትህ ዕለት፣ እድምተኛው ከተሸኘ በኋላ፣ አያ ታፈረ ወደ ማድ ቤቱ በር መጡ። ድስት እያጠብኩ ነበር። ሳል ሳል አሉና ያች የአባትሽ ማኪና የት ገባች ብለው ጠየቁኝ። የቱ ማኪና አልኩ፤ ቡና የሚያፈላባት አሉኝ። እሱንማ እኮ ያኔ ተወው ብላቸው እንደ ሕፃን አዩኝ።

አልተውከውም ነበር። ከጓሮ ባለችው የመሣሪያ ክፍልህ ውስጥ፣ የመፍቻ ሣጥንህ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቡታጋዝ አስገብተህ በየቀኑ ማለዳና ከሰዓት በኋላ ታፈላ ነበር። አያ ታፈረ ይመጣሉ። ባለቤታቸው እንኳ ጀበናዋን ትታ ትመጣ ነበር አሉኝ። የጋራዥ ጓደኞችህ ከማክሰኝት ለገበያ ሲወጡ ጎራ ብለው ጠጥተው ይሄዱ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ያማህ ሰው አልነበረም። ማኪና ሠሪው ቡናውን በማኪና አደረገው እያሉ ሲስቁ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ቅዳሜ ስትሆን ግን፣ በሩ በትከሻ ሲገፋ ስትሰማ፣ ማፍያዋን በጨርቅ ጠቅልለህ ሣጥኑ ውስጥ ትከታት ነበር። እንግዶችህንም ታስጠነቅቃቸው ነበር። አያ ታፈረ ያልከውን ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩኝም።

«ልጄ ታፍራለች። እሷ ባለችበት አታንሡት ይለን ነበር።»

አባዬ፣ እኔ ሰው ምን ይላል ብዬ ነበር። ምንም ያለ ሰው አልነበረም። ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። አንተ ደግሞ በገዛ ቤትህ ውስጥ ከእኔ ተደበቅህ፤ እኔን ፈርተህ ሳይሆን፣ እኔ እንዳላፍር ብለህ። ሐፍረቴን ሰባት ወር ተሸከምክልኝ፣ እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ደግ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሣጥኑን ከፈትኩት። ከመፍቻዎቹ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ አገኘኋት። ሁለት ትርፍ ጎሚኒ በፌስታል አስረህ ጎኗ አስቀምጠሃል። መፍጫውን በነጯ ነጥብህ ላይ አድርጌ እያፈላሁ ነው፤ ውሃውን አበዛለሁ መሰለኝ፣ ወይ እሳቱን አፈጥናለሁ፣ ይቀጥንብኛል። አያ ታፈረ ይጠጡልኛል፣ ሸጋ ነው ይሉኛል፣ ፊታቸው ግን ሌላ ነው የሚለው። የአንተ ምን ይመስል እንደነበር ልጠይቃቸው አፍራለሁ። ከአንተ ቡና የቀመሰ ሰፈር ሙሉ ሰው አለ፣ ልጅህ ብቻ አልቀመሰችም። ይቅርታ በዚህ ወረቀት ላይ ብጽፍልህ ለአንተ አይደርስህም፣ ለእኔም አይቀለኝም። ቢሆንም ይቅር በለኝ።

የምገባልህ ቃል አንድ ነው። የሚመጣው እሑድ የእኔ ማኅበር ተራ ነው፣ አማቴም ከእንፍራንዝ ይመጣሉ፣ ሃያ ሰው ይሰበሰባል። አባትሽ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ የሚለኝ አይጠፋም፣ በእኛ ቤት ሁልጊዜ ይጠየቃል። እስከዛሬ ጎበዝ መካኒክ ነበር እያልኩ እመልስ ነበር። ከእንግዲህ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በማንም ፊት፣ ድምፄን ሳልቀንስ የምለው ይህንን ነው፦ አባቴ ቡና ያፈላ ነበር።

ልጅህ