ከድመቷ በኋላ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? የረገጥሽው ምድር ይመችሽ፤ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ፤ ከእኔ አብልጦ ግን አይሁን።

እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል። የለውዝ ቅቤዬ ግን ከሱቅ ተመልሶብኝ ነበር። የሱቁ ተቆጣጣሪ ምን ምን እንደገባበት ጽፌ ጠርሙሱ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አንብባ፣ «እማማ፣ ጨውን አስቀድመው ጽፈዋል፤ የሚቀድመው በክብደት የበዛው ነው» አለችኝ። አንቺም በስልክ ይህንኑ ነገርሽኝ፤ እዚያ የምግብ ፋብሪካ ሥራሽ ይኸው የጠርሙስ ጽሑፍ ማረም አይደል። «ለውዝ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው» ብዬ ጻፍኩና አለፈልኝ።

ታዲያ ደብዳቤሽን በዚሁ ደንብ አነበብኩት። መጀመሪያ አማትሽ፦ «ሾርባ ሠሩልኝ፣ ሹራብ ገዙልኝ።» ቀጥሎ ባልሽ። ቀጥሎ ሥራሽ። ቀጥሎ የአማትሽ ድመት! እኔ ከድመቷ በኋላ «አንቺስ ደህና ነሽ?» ተብዬ መጨረሻ ላይ ተገኘሁ።

ለአማትሽ ክፉ አልመኝም፤ እጇ ይባረክ። ግን ሾርባው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቀሻታል? ምን እንደገባበት ሳታውቂ አትብዪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሹራብ እንደሆነ እኔም ሠርቼልሻለሁ፤ ክንዱ ጠበበኝ ብለሽ ትተሽው ሄድሽ እንጂ።

አባትሽ «ደግሞ ለድመት ትቀኛለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ጤና ይስጥሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ልብሽን መዝኚልኝ አልልሽም፤ የሚወጣውን እፈራለሁ። ስትጽፊ ግን ከድመቷ አስቀድሚኝ።

እናትሽ