ቆዳው ይቅረብልን

ለሾልፓን የሕዝብ ጡረታ ፈንድ ዋና ዳይሬክተር
አስታና

ቀን፦ ኖቬምበር 14 ቀን 2016

ጉዳዩ፦ ጡረታችን ለሆቴል ግንባታ በብድር ስለተሰጠበት ሁኔታ ማስረጃ እንዲቀርብና ተጨማሪ ብድር እንዲታገድ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

1. አመልካች በጄዝሳይ መዳብ ማቅለጫ ፋብሪካ በክሬን ኦፕሬተርነት ዕድሜዬን ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። በየወሩ ከደመወዜ ከአሥር አንድ እጁ ፈቃዴ ሳይጠየቅ ተቆርጦ ወደ ፈንዱ ሲገባ ኖሯል። በዚያው ፋብሪካ ማቅለጫ ምድጃ ላይ ይሠራ የነበረው የባለቤቴ የቶክታርም እንዲሁ። እሱ ግን ጡረታውን ሳይቀምስ ሞተ።

2. ፈንዱ ይህንን ገንዘብ አስታና ውስጥ ሆቴል እሠራለሁ ላለ ኩባንያ አበድሮ ኩባንያው መክፈል እንዳቃተው፣ በዚህም ምክንያት ጡረታችን እንደሚቀነስ በሬዲዮ ሰማን። ቅርንጫፍ ቢሯችሁ ሄጄ ስጠይቅ በመስኮቱ ያለው ወጣት «እማማ፣ ገበያ ነው እኮ። ገበያ አይከሰስ ነገር» አለኝ። ይባስ ብሎ ለዚያው ኩባንያ ሁለተኛ ብድር ለመስጠት ቦርዱ በሚቀጥለው ወር እንደሚሰበሰብ ተነግሯል።

3. ክቡርነትዎ የእረኛ ልጅ ነዎት ሲባል ስለሰማሁ የሚከተለው አይጠፋዎትም። አንድ ዓመት ከሦስት ጎረቤቶች ጋር አዋጥተን ሥጋውን በክረምት ልንበላ ለእርድ የገዛነውን ፈረስ እንዲያደልብልን ለእረኛው ለዱይሰን ሰጠነው፤ ተኩላ በላው። ዱይሰን በዚያ በረዶ ቆዳውን ተሸክሞ መጥቶ ደጃችን ላይ ዘረጋውና «አልጠበቅኩላችሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የተተኮሰበትን ምልክት እዩት፣ የእናንተው ነው» አለ። ወሬውን ሰምቶ ሲዝትበት የሰነበተው ቶክታር ምልክቱን በእጁ ዳሰሰና ዱይሰንን ወደ ቤት አስገባው። ያን ክረምት ሥጋ ከዘመድ ለምነን በላን። በዓመቱ ግን ፈረሳችንን የሰጠነው ለዚያው ለዱይሰን ነው።

4. ከእናንተ ዘንድ ቆዳ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ ባጣ በባቡር አስታና ድረስ ሄድኩ። ሆቴሉ ይሠራበታል በተባለው አድራሻ ያገኘሁት የሆቴል ሥዕል የተለጠፈበት አጥር ነው። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው፣ እማማ?» ሲለኝ «የሆቴሉ ባለቤት ነኝ» አልኩት። ስቆ ሲያበቃ በሩን ከፈተልኝ። ውስጡ ሣር የበቀለበት ጉድጓድ ነው። ቶክታር ምድጃ ፊት ሲጠበስ የኖረው ለዚህ መሆኑን ሳይ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

5. ስለዚህ ሁለተኛው ብድር እንዲታገድ፣ ገንዘባችን የገባበት ሁሉ በየዓመቱ በፋብሪካችን በር ላይ እንዲለጠፍ፣ ከሠራተኞችም አንድ ሰው በቦርዱ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። ከደመወዛችን እንድትቆርጡ ሕግ ይፈቅድላችኋል፤ ዝም በሉ የሚለን ሕግ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በስብሰባው ዕለት በራችሁ ላይ እገኛለሁ፤ ብቻዬንም አልመጣም።

እረኛው ቆዳውን ካላመጣ ባለፈረሱ ራሱ ወጥቶ ይፈልጋል። እኔም ፈልጌ ያገኘሁትን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

ለሥልጣንዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ባጊላ ጃኩፖቫ
ጄዝሳይ

አባሪ፦ ከሆቴሉ ጉድጓድ የተነቀለ ሣር፣ አንድ እፍኝ