በሦስት ቅጂ የተላከው የባለቤቴ ሐዘን

ለተከበሩ የሥነ ልቦና ምክር ማዕከሉ ሂሳብ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሥራ የማይሰለቸው የማተሚያ ማሽንዎም እንደምን ከረማችሁ? እኔ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ላለፉት ሰባት ወራት ሐሙስ ሐሙስ ወደ እናንተ ስትመላለስ የነበረች ደንበኛዎ ናት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት ከመሰለዎ፣ የቤት ገመናን ለሰው ሁሉ ማዳረስን ከእናንተ የተማርኩ መሆኔን አስበው ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፤ በሂሳቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። የመሥሪያ ቤቴ መድን ይከፍላል፤ ባይከፍልም ልብሴን ሸጬ እከፍል ነበር። ያስቸገረኝ «አገልግሎቱ የተሰጠበት ምክንያት» የሚለውን ቦታ ጸሐፊዎችዎ ሳይሰስቱ መሙላታቸው ነው። ሌላው ቢሆን «ምክር» ብሎ ያልፈው ነበር። እናንተ ግን «በሕፃን ልጅ ሞት የደረሰ ሐዘን፤ ይህንንም ለባለቤቷ መናገር አለመቻል» ብላችሁ፣ ማኅተም መትታችሁ፣ በሦስት ቅጂ ላካችሁት። ስለ ጥራቱ አመሰግናለሁ፤ ፊደሉ ከሩቅ ይነበባል።

ሁለተኛ፤ ፖስታው የተላከው ለጋራዡ አስተዳደር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያነበበችው የአስተዳደሩ ጸሐፊ ናት፤ ቀጥሎ የግምጃ ቤቱ ሰውዬ፤ ከምሳ በኋላ ግን ያላነበበውን መቁጠር ይቀላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔ አውቶቡስ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ፍሬን ሳጠብቅ ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ፣ ጋሼ አይዞዎት፣ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ ምናለ አለችኝ። ባለቤቴ ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችውን የሰማሁት እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ልጃችን ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። እኔ ስሟን ካነሣሁ እናቷ ትሰበራለች ብዬ ዝም አልኩ፤ እሷም ለእኔ ፈርታ ዝም አለች። እንዲህ ተከባብረን ኖርን። ለእንቅልፍ ማጣት ነው ብላኝ ወደ አማካሪዋ መሄድ ከጀመረች በኋላ ግን የሕፃኗ አልጋ ያለበትን ክፍል መስኮት ከፈተች። ዕቃ ስታጥብ ማንጎራጎር ጀመረች። አንድ ቀን እራት ላይ የሆነ ነገር ልትነግረኝ አፏን ከፍታ፣ ጨው አቀብለኝ ብላ ተወችው። ትንሽ ነው የቀራት ብዬ ጠበቅሁ። እኔ አልቸኮልኩም፤ የቸኮለው ሂሳብ ክፍሉ ነው።

ምስጢሯ ጋራዡን ሁሉ ማዳረሱን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም፤ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ አይደለችም ብላትም፣ ያወራችብኝ አማካሪዋ ናት ብላ ታምናለች፤ ከዚያ ወዲህ ወደ እናንተ አልመጣችም። መስኮቱም ተዘጋ።

አራተኛ፤ ላልመጣችባቸው ሐሙሶችም ቅጣት አስከፍላችኋል። ከፍያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሂሳብ ይሰረዝልኝ አልልም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የላከው ክፍልዎ እንጂ አማካሪዋ እንዳልሆነች፣ እባክዎ ራስዎ ደውለው ለባለቤቴ ይንገሩልኝ። ያቺን ሴት እንደገና ካመነቻት፣ ለእኔ ዕድሜ ልኳን ባትነግረኝም ግድ የለኝም። ልቤ ተሰብሯል፤ ከዚህ በላይ በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አልቻልኩም።

ሐዘናችንን አሳምረው ላተሙልን ጸሐፊዎችዎ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የእርስዎ ቤት ገመና ግን ዘላለም ከደጃፍዎ እንዳይወጣ ከልቤ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የደንበኛዎ ባል፣ የፍሬን ክፍሉ መካኒክ

ከግርጌ የታከለ፦ ደብዳቤውን ያለ ፈቃዷ መላክ የእናንተን ሥራ መሻማት ስለሆነብኝ፣ ለባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ ትቼላት ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ላከው ብላ፣ ከሥሩ ደግሞ ስለ ልጃችን አንድ መስመር በእርሳስ ጽፋልኝ አገኘሁ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ናት። ያቺን መስመር ቀድጄ አስቀርቻታለሁ፤ እናንተ ዘንድ አትደርስም።