የማን ልጅ ይባላል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2013፤ ጀርሚስተን፣ ደቡብ አፍሪካ

በኮሮናው ምክንያት ባሌን ታደሰን ክሊኒኩ አላስገቡትም፤ መኪና ውስጥ ሆኖ በስልክ አዳመጠ። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችን። የእኔ እንቁላል ስለማይሆን አንዲት ወጣት የራሷን ትለግሰናለች፤ ማንነቷ አይነገረንም። እንቁላሉ ከታደሰ ዘር ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ይዋሃድና፣ ማህፀኔ በመድኃኒት ሲዘጋጅ ፅንሱ እኔ ውስጥ ይቀመጣል። ከያዘልን የማረግዘውም የምወልደውም እኔ ነኝ!

ሱቃችን ስንመለስ ለታላቅ እህቱ ለእትዬ አልማዝ ነገርኳቸው። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አወረዱት።

“የሌላ ሴት እንቁላል? ታዲያ ልጁ የማን ሊባል ነው?”

“የታደሰ ነዋ! እትዬ፣ ከእርስዎ ስም ቀጥሎ የማን ስም አለ?”

“የአባቴ።”

“ከዚያስ?”

“የአያቴ፣ የአባቴ አባት።”

“እናትዎስ የት ገቡ?”

ማስካቸውን መልሰው አፋቸው ላይ ሳቡት። ታደሰ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ዕድሜ ልኩን በአባት ሲቆጥር የኖረ ሁሉ፣ የእናት ነገር ዛሬ በእኔ ትዝ አለው! እሑድ ከእትዬ አፍ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይሰማል። ይስማ! በመጽሔት አምዴ የሰው ጓዳ ስከፍት ኖሬ የራሴን ልዘጋ ነው?

እትዬ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። “ሴት ከሆነች በእናቴ ስም ጥሪልኝ” አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

“አስብበታለሁ” አልኳቸው። ስም የማወጣውም እኔ ነኝ።