ዴቃ ሮብሌ ሦስት ጊዜ ተጠራች

ለውድ ወንድሜ ለሮብሌ ዋይስ፣ ለረጅሙ፤ ጅዳ

ሰላምታዬ ከባሕሩ ማዶ ጤነኛ ሆነህ ያግኝህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ? የወደቡ ሙቀት በረድ አለልህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሻይ ብቻ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው፤ አፏማ ከድሮውም ሰልቷል።

ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ በር ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ። ደስታ ሰውን እንዲህ መቀመጫ እንደሚያሳጣ አላውቅም ነበር። የልጅህ ከንፈር ተሰፍቶ ገጥሟል። በስልክ ነግሬህ ነበር፤ ግን ግማሹን ነፋስ ስለ በላው ከሥሩ ልንገርህ።

ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆችን በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች ለስድስት ቀን መጡ። ቅዳሜ ወስደን አስመረመርናት። ላንቃዋ ደህና ነው፣ ከንፈሯ ብቻ ነው፤ ሰኞ በባዶ ሆዷ አምጧት አሉን። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበርን። ልጅቱ ራበኝ ብላ ስታለቅስ ሚስትህ ኡባሕ ሰው ሲበላ እንዳታይ ይዛት ወደ ውጭ ወጣች። እኔና እናታችን ተራ ጠበቅን። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ “ዴቃ ሮብሌ” ብላ ተጣራች። ደገመች። እናታችን ግራ ቀኝ እያየች “የማን ዝርክርክ ናት ይቺ? እንዲህ ያለ ዕድል መጥቶላት የት ትዞራለች?” አለች። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ እውነትሽን ነው አልኩ። ሦስተኛ ተጠራ፣ ከዚያ ሌላ ልጅ ገባ።

ኡባሕ ተመልሳ አልተጠራንም ወይ ብትል፣ እናታችን ኧረ ገና ነን፣ አንዲት ዴቃ የምትባል ብቻ ናት የጠፋች አለቻት። ኡባሕ ክው አለች። “ዴቃ ማን መሰለቻችሁ?” አለች።

እስቲ ፍረድ። አንካሳውን አንካሴ፣ አንተን ረጅሙ፣ ልጅህን ከተወለደች ጀምሮ ስንጥቋ ስንል ኖረን፣ አራት ዓመቷ ሆኖ ስሟ ጠፋን። የአንተንም ስም እኮ ፖስታ ላይ ስጽፍ ብቻ ነው የማስታውሰው።

ነርሷ መዝገቡ እስከ ሐሙስ ሞልቷል፤ በየማለዳው በባዶ ሆዷ አምጧት፣ የታመመ ልጅ ካለ ትተካለች አለችን። ማክሰኞ ሄድን፣ ረቡዕ ሄድን። እኔ አጥር ለአጥር ስንቆራጠጥ ዋልኩ፤ እናታችን የተጠራው ሁሉ የእኛ እየመሰላት ብድግ ትላለች። ረቡዕ ለአንድ ወንድ ልጅ ስም “አለን” ብላ ግቢውን አሳቀችው። ሐሙስ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ከገቢሌ የመጣ አንድ ሕፃን ትኩሳት ተገኘበትና መለሱት። ነርሷ ስም እንኳ አልጠራችም፣ በእጇ ጠቀሰችን። የእኛ ደስታ በሌላ እናት እንባ ነው የመጣው ረጅሙ፤ ይኸው እስከ አሁን ይቆረቁረኛል። ነርሷ ልጁን ለሚቀጥለው ዓመት ከሁሉ አስቀድማ ስትጽፈው፣ ሰፈሩ የሚጠራበትንም ስም አብረሽ ጻፊ አልኳት።

ሐኪሞቹ ትናንት ሄዱ፤ እኛም ዛሬ ቤት ገባን። ስፌቱን እንዳትነካው ሁለት ክርኗን በካርቶን አስረውላታል፤ እንደ ጫጩት ክንፏን ዘርግታ ትሄዳለች። እብጠቱ እስኪጎድል ፎቶ አልክም፣ እንዳትደነግጥ።

ኡባሕ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሃለች። አጎታችን አንካሴ በርታ ይልሃል። እናታችን ትመርቅሃለች፤ ሻይ ቀንስ ብላለች። ዴቃም ሰላም ትላለች፤ እሷ ግን ጭንቅ ላይ ናት። መስታወት ብናሳያት አየችና “ስንጥቋ የት ሄደች?” ብላ አለቀሰች። እናታችን ከሐኪሞቹ ጋር በአውሮፕላን ሄደች አለቻት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ጋ ነው የሄደችው እያለች ስትጠይቀን ዋለች። እኔም አዎን ብያታለሁ። እንግዲህ ስንጥቋ እዚያ ከመጣች አደራህን፣ አብልተህ አጠጥተህ እዚያው አስቀራት።

እህትህ ራሖ ዋይስ
ቦራማ፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 15 ቀን 2014