ከቱቦው በላይ ስለተቆጠሩት አርባ ሁለት ዓሦች

ለተከበሩ የአውራጃችን የመንገድና የጅረት ጉዳይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ የዶቢንስ ጅረት ዳር ነዋሪዎች፣ ከሳልሞን ዓሦቹ በቀር፣ ደህና ነን።

አንደኛ፣ ከመንገዱ ሥር ያስቀበሩት ቱቦ አፉ ከውኃው አንድ ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ ስለቀረ፣ ከባሕር ተመልሰው እንቁላላቸውን ሊጥሉ የሚወጡት ሳልሞኖች እየዘለሉ ከብረቱ ጋር ተላትመው ይሞታሉ። ይህንኑ ባመለከትን ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ የዓሣ መቁጠሪያ መሣሪያ ስለተከሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የተከሉት ግን ከቱቦው በላይ፣ ዓሣ ሊደርስ በማይችልበት ቦታ ነው። መሣሪያው ዜሮ ቆጠረ፤ እርስዎም ዓሣ ለሌለው ጅረት ቱቦ መቀየር እንደማያስፈልግ በማኅተም አረጋገጡልን።

ሁለተኛ፣ እኛ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ሳልሞን ተካፍለን በልተን አጥንቱን ለውኃው የምንመልሰው፣ ሄዶ ለወገኖቹ በክብር እንደተቀበልነው እንዲነግርልን ነው። ዘንድሮ አጎቴ ዴልበርት አጥንቱን ይዘው ቱቦውን ሲያዩ ቆዩና «ይሄን ምን ብዬ ነው የምሸኘው? ሄዶስ ምን ሊላቸው ነው፣ ኑና ተፈንከቱ?» አሉ። ከዚያም በሰባ አንድ ዓመታቸው ዓሦቹን በእርጥብ ጆንያ እያቀፉ መንገዱን አሻግረው ከቱቦው በላይ ካለው ውኃ ይለቁ ጀመር። ስላፈርን ተከተልናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ መኪና እያስቆምን አሻገርን።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው አርባ ሁለት ስለቆጠረ ዓሦቹ በቱቦው ያለ ችግር እንደሚያልፉ፣ ስለዚህም ቱቦው እንደማይነካ የሚገልጸው የደስታ መግለጫ ደብዳቤዎ ደርሶናል። በተለይ አርባ ሁለተኛውን፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነውን፣ «የአውራጃው ኩራት» በማለትዎ ቤተሰባችን በሙሉ ተደስቷል።

ዜሮንም አርባ ሁለትንም ለአንድ ውሳኔ ማብቃት ለቻለው ጥበብዎ እጅ እየነሳሁ፣ ከቱቦው በታች የምገኘው አክባሪዎ፣

ላቪና ጄምስ

ማሳሰቢያ፦ የአውራጃው ኩራት አጎቴ ናቸው። ጆንያውን እንዳቀፉ አንሸራትቷቸው መሣሪያው ፊት ውኃው ውስጥ ወደቁ። ወገባቸው ስለተጎዳ ሐኪም ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከልክሏቸዋል። የሚመጣው መኸር መሣሪያዎ እንደገና ዜሮ ሲል፣ እባክዎ ዓሣ የለም ብለው ከመፈረምዎ በፊት ወደ ታች ብቅ ይበሉ። ጆንያውን አጥበን አስቀምጠንልዎታል።